ጨጓራ ነው አልኳቸው

እኔ ንዴቴ ቅርብ ነው። ቤተሰቤ ያውቃል፣ አብረውኝ የሚሠሩት ነርሶችም ያውቃሉ፣ ከሁሉም በላይ ግን አስታማሚዎች ያውቃሉ። የምሠራው ፍኖተ ሰላም፣ የውስጥ ደዌ ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ደሜን የሚያፈላው ነገር አንድ ነው። የታማሚው ልጅ ወይም ወንድም በር ላይ ይጠብቀኛል። ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ይወስደኛል፤ ግራ ቀኙን ያይና «ሲስተር፣ እባክሽ እሱ ፊት እንዳትናገሪ» ይለኛል። በሽታው የጉበት ይሁን የደም፣ ካንሰር ይሁን ኩላሊት፣ ለታማሚው የሚነገረው «ጨጓራ ነው» የሚል ነው። በእኛ አገር ጨጓራ ያልተባለ በሽታ የለም።

እኔ ደግሞ ዝም አልልም ነበር። «ገላው የማን ነው? የእናንተ ነው የሱ?» እላቸዋለሁ። «የሚናዘዘው ነገር ቢኖርስ? የሚታረቀው ሰው ቢኖርስ? እናንተ ልትናዘዙለት ነው?» አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል፣ አንዳንዱ «ይቺ ሴትዮ አንጀት የላትም» ብሎ ለክፍሉ ኃላፊ ይከሰኛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከደጋ ዳሞት የመጡ ሽማግሌ፣ እናታቸውን አስተኝተው፣ ስቆጣቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ። ያኔም አላዘንኩም፤ ትክክል ነኝ ብዬ ነበር። አዲስ ነርሶች ሲመጡ ይህን ሥራ የማስተምራቸው እኔ ነበርኩ። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፣ ቆማችሁ አታውሩት፣ መጀመሪያ የሚያውቀውን ጠይቁት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንገሩት፣ ሲያለቅስ አትሽሹ እላቸዋለሁ። አፌ ሲያምርብኝ አይጣል ነው።

ይህን ማውራቴ አምና አባቴን እንዴት እንዳስታመምኩ ለመናገር ነው።

አባቴ ገበሬ ነበሩ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ፤ ወሬ አይወዱም፣ ቃላቸው ግን ቃል ነው። እናቴን ያገቡት አብዛኛው ያገሬ ሰው እንደሚያገባው በሰማንያ፣ በሽማግሌና በውል ነው። እንዲህ ያገቡ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ ይናዘዛሉ፣ ቄሱ የሚያዛቸውን ጾምና ስግደት ይፈጽማሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን አብረው ይቆርባሉ። ከቆረቡ ወዲያ መፋታት የለም፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሌላ አያይም፤ ትዳሩ በእግዚአብሔር ፊት የጸና ይሆናል። እናቴ ያረጀችው ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው። አባቴ መጀመሪያ «ልጆቹ ይማሩ» አሉ። ቀጥሎ «ቤቱ ቆርቆሮ ይልበስ» አሉ። ቀጥሎ ከአንድ ጎረቤት ጋር በድንበር ተጣሉና «ቂም ይዤ አልቆርብም» አሉ። እናቴ ሁልጊዜም «እሳቸው እንዳሉ» ትላለች፤ ሌላ ነገር ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ከመታመማቸው በፊት በነበረው ክረምት ግን ነገሩ ሁሉ መስመር ያዘ። ከጎረቤታቸው ጋር ታረቁ። ለንስሐ አባታችን ተናዘዙ። በፍልሰታ ጾም ሁለቱም የታዘዙትን ሰግደው ጨረሱ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ለኅዳር ማርያም፣ ኅዳር ሃያ አንድ። እናቴ ነጭ ቀሚስ አሰፋች። ወደ ጓዳ ጠርታ አሳየችኝ፣ አሳይታኝም እንደ ሙሽራ አፈረች። «እንደው ሰው ምን ይለኝ ይሆን፣ በዚህ እድሜዬ» አለች፤ ሳቅኩባት።

የአባቴ ሰውነት መቅለል የጀመረው በመስከረም ነው። እህል ሲጎርሱ «እዚህ ላይ ይቆምብኛል» እያሉ ከደረታቸው በታች ያሳያሉ። ሱሪያቸው ከወገባቸው አልቆም ሲል ወደ ፍኖተ ሰላም አመጣኋቸው፤ ሐኪሙ ባሕር ዳር ይሂዱ አለ። መንገድ ተዘጋ ተባለና ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ሲከፈት ሄድን። በአፋቸው ቱቦ አስገብተው ጨጓራቸውን አዩ፣ ለምርመራ ትንሽ ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱን ለመቀበል የሄድኩት ብቻዬን ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ገና ወንበሩን ሲስብ ገባኝ፤ እኔም እኮ እንዲያ ነው የማደርገው። የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ወደ ጉበት ደርሷል፣ የቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፏል አለኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሣለና ከታች በኩል ምግብ የሚወጣበትን በር በእስክሪብቶ አጠቆረው።

«ይህ በር እየጠበበ ነው» አለኝ። «ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይዘጋል። ያን ጊዜ የበሉትም የጠጡትም ተመልሶ ይወጣል። ለአባትሽ እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ሥራዬ ነው» አልኩት።

ታላቅ ወንድሜ ቡሬ መምህር ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ለእሱ ነው። አለቀሰ፤ ፊቱን ጠረገ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አባየን በቁማቸው ልትቀብሪያቸው ነው?» አለኝ።

«ማወቅ አለባቸው» አልኩት።

«ማን ነው አለባቸው ያለው? መጽሐፍሽ ነው? ሞታቸውን በነገርሻቸው በነጋታው ነው የሚወድቁት። ደግሞ እማየስ? እማየን ምን ልታደርጊያት ነው?»

ተከራከርኩት፤ ግን ድምፄ እንደወትሮው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ለእሳቸውም ለእናቴም እንዳልናገር በእመቤታችን አስማለኝ። እኔም ማልኩ።

እውነቱን ልናገር እንግዲህ። ወንድሜ ባያስምለኝም አልነግራቸውም ነበር። ከባሕር ዳር ስመለስ መኪናው ውስጥ ሆኜ የምላቸውን ፈለግሁ፤ ለሰው ሁሉ የማስተምረው ቃል አንዱም አልመጣልኝም። የአባቴ ፊት ሲለወጥ ማየት ፈራሁ። ወንድሜ ሲያስምለኝ ሸክም የወረደልኝ ነው የመሰለኝ። ቤት ገብቼ አባቴ «ምን አሉሽ?» ሲሉኝ «ጨጓራ ነው፣ አባየ። መድኃኒት ሰጥተውኛል፤ ቀስ እያለ ይተውዎታል» አልኳቸው። የሰጠኋቸው የቃር ኪኒን ነው። እሳቸው ግን አንድ ቀን ሳያዛንፉ በሰዓቱ ይውጡት ነበር። ጠያቂ ሲመጣ «እኔ ምን አለብኝ፣ ሐኪም ልጅ አለችኝ» እያሉ ይኩራሩብኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ምክንያት ፈጥሬ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

ለኅዳር ማርያም ሁለት ሳምንት ሲቀር ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት ሄድኩ። አባቴ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከተለቀመው በርበሬ የተበላሸውን ይለያሉ። ከስተዋል፤ ግን ይበላሉ። ያን ቀን ጠዋት አጥሚት ጠጥተው፣ ምሳ ላይ ደግሞ ትንሽ እንጀራ በሽሮ ቀምሰው ነበር። እናቴ ወንዝ ወርዳለች። አጠገባቸው እንድቀመጥ መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አሉኝ። «ለኅዳር ማርያም በሁለት ሰው ተደግፌ፣ ግማሹን ተኝቼ ከማስቀድስ፣ ይሄ ጨጓራ እስኪተወኝ ጠብቄ ለጥር ማርያም በእግሬ ብቆም አይሻልም? እናትሽ አርባ ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው። ተንጋልዬ እንዳላሳፍራት ብዬ ነው እንጅ እኔስ ግድ የለኝም ነበር። አንቺ ሐኪም ነሽ፤ ያንቺን ቃል ነው የምሰማው። ልጠብቅ?»

ሐኪሙ የሣለው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጥር ማርያም ከሁለት ወር በላይ ይቀረዋል። «አይጠብቁ» ብላቸው «ለምን?» ይሉኛል፤ «ለምን» ካሉኝ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። መሐላዬን አሰብኩ፣ ወንድሜን አሰብኩ። ከዚያም ሁሉ በላይ፣ ከተናገርኩ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ፈራሁ።

«ይሻላል፣ አባየ። ይጠብቁ» አልኳቸው።

«በይ እንግዲያስ እንዳልሽ» አሉና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ። እናቴ ከወንዝ ስትመጣ ነገሯት። «እሳቸው እንዳሉ» አለች፤ ቀሚሱንም አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው።

ትውከት ያለበት ሰው እንደማይቆርብ አላውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በሩ ሲዘጋ ትውከት እንደሚመጣም ሐኪሙ ነግሮኛል። ግን አንዱ በሥራ ልብሴ ስሆን የማውቀው፣ ሌላው ነጠላ ስለብስ የማውቀው ነገር ነበር፤ ያን ቀን ሁለቱን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ያላልኩት ለዚህ ነው።

ኅዳር ማርያም አለፈች። በታኅሣሥ መጨረሻ ስልክ ተደወለልኝ። የበሉት አልረጋ ብሏቸዋል። ከገና በኋላ ውኃውም መመለስ ጀመረ። እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከአስፋልቱ በሚኒባስ አመጧቸውና እኔው በምሠራበት ክፍል ተኙ። ቆዳቸው ደርቆ ነበር። ባልዲ ከአጠገባቸው አይለይም። ያም ሆኖ አጠገባቸው ያለውን ታካሚ «አይዞህ፣ ጨጓራ እኮ ሰው አይገድልም» ይሉት ነበር።

ያስተማርኳት አንዲት ወጣት ነርስ ካርዳቸውን አንብባ ወደ እኔ መጣች። «ሲስተር፣ አባትሽ በሽታቸውን ያውቃሉ?» አለችኝ። ክንዷን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰድኳት። «እሳቸው ፊት እንዳትናገሪ» አልኳት። ልጅቱ ካርዱን አጥፋ አየችኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጥምቀት ባለፈ በማግሥቱ ለወንድሜ ስልክ ደውዬ ለአባቴ እንደምነግራቸው ነገርኩት። ጮኸብኝ፤ ዘጋሁበት። ከሰዓት በኋላ እናቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታጥብ እኔ ወንበር ስቤ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ምነው ተቀመጥሽ? ሥራ የለብሽም?» አሉኝ አባቴ።

«አባየ፣ ስለ በሽታዎ ምን ያውቃሉ?»

«ጨጓራ ነው። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

ይህን ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ለአባቴ ግን ተንተባተብኩ። እጢ ነው አልኩ፣ የምግቡን መውጫ ዘግቶታል አልኩ፣ ቀዶ ሕክምናም አያወጣውም አልኩ። «አይድንም፣ አባየ» ብዬ እኔው ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እሳቸው አላለቀሱም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ሕመሙ አልነበረም።

«ለጥር ማርያም እደርሳለሁ?»

ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። «ይደርሳሉ» አልኳቸው።

«እሱ ከሆነ ምንም አይደል» አሉ፤ ፊታቸውም ፈታ አለ። «እንግዲያው ቄሱን አስጠሪልኝ። እናትሽ ቀሚሷን ታምጣ።»

ባልዲው መካከላችን ነበር። ያኔ ነው ሁለቱ ነገር አእምሮዬ ውስጥ የተገናኘው። ባልዲውን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት። ለእናቴ ስለ በሽታው የነገርኳት «አሁን ነው የታየው» ብዬ ነው። አመነችኝ።

ንስሐ አባታችን በሦስተኛው ቀን መጡ። ሁላችንንም ያጠመቁን እሳቸው ናቸው። ገና ሳይቀመጡ ባልዲውን አዩት።

«ያስመልስዎታል እንዴ?»

«ያስመልሰኛል፣ አባ» አሉ አባቴ።

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። «ትውከት ያለበት ሰው ሥጋ ወደሙን አይቀበልም» አሉ። «መሬት ቢወድቅ ለእርስዎም አይሆን፣ ለእኔም አይሆን። ምነው ያኔ በኅዳር፣ ተዘጋጅተው ሳሉ በመጡልኝ ኖሮ።» ተግሣጽ አልነበረም፤ ከልባቸው አዝነው ነው። እኔ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። «ሦስት ቀን ትውከቱ ከተወዎት ግን በቃሬዛም ቢሆን ይምጡ፤ እኔ ራሴ አቆርብዎታለሁ» አሉና ባርከዋቸው ሄዱ።

ሦስት ቀን ሲሉ ነፍሴ መለስ አለች። ቢያንስ እሱን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ሐኪሞቹን አስፈቅጄ አባቴን ወደ አገር ቤት ወሰድኳቸው። ከአፍንጫ እስከ ጨጓራ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ጨጓራ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ በእሱ በኩል ወደ ከረጢት ይወርዳል። የሚመለስ ነገር ከሌለ ትውከትም የለም። ቱቦውን አስገባሁላቸው። ጉሉኮሱን ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ የማስታወክ ማስታገሻውን ሰዓቱን ጠብቄ ወጋኋቸው። ወንድሜም ኩርፊያውን ትቶ መጣ፤ ከረጢቱን የሚያፈሰው እሱ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ሳያስመልሳቸው አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። እናቴ ቀሚሱን አውጥታ ፀሐይ ላይ አናፈሰችው።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ቱቦውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ልጀ፣ ያላስመለስኩት እኔ ነኝ ወይስ ይሄ ቱቦሽ ነው?» አሉኝ።

«ጠዋት አወጣዋለሁ፣ አባየ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር አይቀበሉም ነበር። ያን ቀን ግን «እሺ» አሉ። ቁርባኑን ምን ያህል እንደፈለጉት ያኔ ገባኝ።

የጥር ማርያም ዕለት ማለዳ ቱቦውን አወጣሁ፣ ፊታቸውን አጠብኳቸው፣ ንጹሕ ጋቢ አለበስናቸው። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷቸው። በወንዶች በኩል ግድግዳው ሥር ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። እናቴ በሴቶች በኩል ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቆመች። እኔ ሁለቱንም ከማይበት ቦታ፣ በሩ አጠገብ ሆንኩ። ቅዳሴው ረጅም ነበር። እኔ ጸሎቱን ትቼ የአባቴን ጉሮሮ ነው የማየው። ምራቃቸውን በዋጡ ቁጥር እኔም እውጣለሁ። እመቤቴ ሆይ፣ አንድ ሰዓት ብቻ እያልኩ ነበር።

ማቁረብ ሲጀመር መጀመሪያ ሕፃናቱ ቆረቡ። ቀጥሎ የትልልቆቹ ተራ ደረሰ። ወንድሜና አንድ ጎረቤት አባቴን ደግፈው አነሷቸው፤ ቀስ ብለው በእግራቸው ቆሙ። እናቴ ከወዲያ በኩል አየቻቸውና ነጠላዋን አስተካከለች። ከፊታቸው አራት ሰው ቀረ፣ ከዚያ ሦስት። አባቴ ተጨፍኖ የነበረ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ወደ እኔ አዩ። የወንድሜን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«አውጡኝ» አሉ። «ቶሎ አውጡኝ።»

ደጅ አውጥተው ወይራው ሥር እንዳደረሷቸው አስመለሳቸው። ብዙ አልነበረም፤ አንድ ስኒ የማይሞላ ቡናማ ውኃ ነው። እኔ በቦርሳዬ መርፌም መድኃኒትም ይዤ ነበር፤ ለዚያ ሰዓት የሚሆን አንድም ነገር ግን አልነበረበትም። እናቴ ሰልፏን ትታ ተከትላ ወጣች። አንዲት ሴት «አንቺ እንኳ ተመለሽና ቁረቢ፣ አንቺ ምን አለብሽ» አለቻት። እናቴ «አብረን ነበር» አለችና መሬት ተቀምጣ የአባቴን ራስ ታፋዋ ላይ አደረገች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፋቸውን ጠረገችላቸው። ቄሱ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ወጥተው ጸለዩላቸው። «እግዚአብሔር ልብዎን አይቷል» አሏቸው። አባቴ «አሜን» አሉ፤ ዓይናቸው ግን የእናቴ ቀሚስ ላይ ነበር። ቀሚሱ ጫፉ ላይ ቆሽሾ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሙከራ አላደረግንም። ቱቦውን መልሼ አስገባሁ፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጠኋቸው፣ ከአልጋቸው ሥር ተቀመጥኩ። የማውቀው ሥራ በሙሉ እዚያ አልቆ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ በእጃቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው ስለሰለለ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ያኔ በኅዳር ልጠብቅ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ» አሉኝ፣ «እንደማልድን ታውቂ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። አላውቅም ነበር ብላቸው ያምኑኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልኳቸውን ሁሉ አምነዋል።

«አውቅ ነበር፣ አባየ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲቆጡኝም ተመኘሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ።

«በኅዳር እኮ እንጀራ እበላ ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ነገሩን ለራሳቸው የሚያስረዱ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ እጄን ያዙ። «ይህን እናትሽ እንዳትሰማ። እኔ መሄዴ ነው፤ ቅርቧ ያለሽው አንቺ ነሽ። አንቺን ተቀይማ የቀረ ዕድሜዋን እንድትኖር አልፈልግም። አልነግራትም በይኝ፤ በማርያም በይኝ።»

በማርያም አልኳቸው።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። ለቅሶ ላይ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ስላለ የሚጠይቀውም አንድ ነበር፤ ምነው ያን ያህል ተዘጋጅተው በኅዳር ሳይቆርቡ ቀሩ ይላል። እናቴ ለሁሉም የምትመልሰው ያንኑ ነው።

«ማን አወቀው ብላችሁ» ትላለች። «ሐኪሞቹም አላወቁት። ይቺ ልጀ እንኳ አጠገባቸው ሆና ሳታውቀው ቀረች። ብታውቅማ ኖሮ እሷ ናት አዝላ የምትወስዳቸው።»

ይህን እያለች እጇን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች። ዓመቱ ካለፈ በኋላም፣ አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ ጠያቂ ሲመጣ ይህንኑ ትናገራለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማታለሁ።